በስርቆት የተጠረጠረ ሰው መብቱ ምንድን ነው?

(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በራዲዮ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አንብባችሁ፣ አሁን ደግሞ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ራዲዮው ጠጋ በሉ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ከባድ ቃል ነው። ቃሉ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። «ሌባ» ይባላል። ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ለመሸከም ግን ከባድ ነው። አንድ ሰው በሰፈሩ ወይም በሥራ ቦታው «ሌባ» ከተባለ፣ ነገሩ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ስሙ ይጎድፋል፤ እንጀራው ይቋረጣል። አንዳንዴም በደቦ ተደብድቦ ሕይወቱ ያልፋል። ስለዚህ ይህ ቃል ሲነሣ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። «እኔን አይነካኝም» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ዕቃ በየቤቱ ይጠፋል፤ ጣትም በማንም ላይ ይቀሰራል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። ይህ ንግግር ለሌባ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ስርቆት የድሀን ላብ ይበላል። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ፣ በመቀነቷ የቋጠረችው ገንዘብ የተወሰደባት ነጋዴ ሐዘኑን ያውቁታል። ይሁን እንጂ መጠርጠርና መስረቅ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ረጅም መንገድ አለ። ያ መንገድ ሕግ ይባላል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ድሮ እንዴት ነበር?

አረጋውያን እንደሚነግሩን፣ በድሮ ዘመን ንብረት ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጡታል። ልጁ ራሱን ይስታል። እየተንገዳገደ መንደሩን ያቋርጣል፤ ሰዎችም ይከተሉታል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ይባላል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። ምስክር የለም፤ ማስረጃ የለም። የሰከረ ልጅ እግር ዳኛ ሆኖ ይፈርድ ነበር።

አውጫጭኝ የሚባልም ነበር። አፈርሳታም ይሉታል። የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይፈታል፤ ከብቱ ጠባቂ ያጣል። አንድ ሰው ላጠፋው ሁሉም ይቀጣል ማለት ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ንብረትን መጠበቅ፣ ጠንቀቅ ማለት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ጥርጣሬ የነገሩ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የጠረጠረ ሁሉ ይፍረድ ከተባለ ወደ ሌባሻይ ዘመን መመለሳችን ነው።

ሦስት ቃላት

አሁን ሦስት ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አንደኛው «ተጠርጣሪ»፣ ሁለተኛው «ተከሳሽ»፣ ሦስተኛው «ጥፋተኛ» ነው።

ተጠርጣሪ ማለት «ሰርቆ ይሆናል» የተባለ ሰው ነው። ፖሊስ ነገሩን ገና እየመረመረ ነው። ተከሳሽ ማለት ዐቃቤ ሕግ ክስ ጽፎ ፍርድ ቤት ያቀረበው ሰው ነው። ጥፋተኛ ማለት ደግሞ ዳኛው የሁለቱን ወገን ማስረጃ ሰምቶ «አጥፍቷል» ብሎ የፈረደበት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ላይ፣ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። እንግዲህ ልብ በሉ። የፖሊስ ጣቢያ በር የገባ ሁሉ ሌባ አይደለም። በካቴና የታሰረ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሌባ ማለት የሚችለው ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ማስረጃ ሰምቶ።

ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የማን ነው? የዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሹ «አልሰረቅሁም» ብሎ በራሱ ላይ አልመሰክርም የማለት መብት አለው።

ስርቆት ምንድን ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ስርቆት በአንቀጽ 665 ላይ ይናገራል። አንድ ድርጊት ስርቆት እንዲባል ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። አንደኛ፣ ዕቃው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዕቃው የሌላ ሰው መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የወሰደው ሰው በማይገባ መንገድ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ለመጥቀም አስቦ የወሰደው መሆን አለበት።

ሦስተኛውን በተለይ ያዙት። ሐሳብ ያስፈልጋል። በአውቶቡስ ላይ የራሱ መስሎት የሌላ ሰው ሻንጣ ይዞ የወረደ ሰው ዕቃ ወስዷል፤ ግን አልሰረቀም። ስለዚህም ነው በፍርድ ቤቶቻችን «ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» የሚል መልስ የሚሰማው። ባዶ ቃል አይደለም። ትርጉም አለው። «ዕቃው እኔ እጅ ገብቷል፤ የሌብነት ሐሳብ ግን አልነበረኝም» ማለት ነው።

ቅጣቱስ? ስርቆት እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከባድ ስርቆት ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ በቡድን ተደራጅቶ የተፈጸመ ከሆነ፣ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ስለዚህም ነው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ማስተዋል የሚያስፈልገው።

በሱቅ በር ላይ

አሁን በምሳሌ እንሂድ። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ ገቡ እንበል። አንድ ሳሙና አንስተው ዘንቢላቸው ውስጥ ጣል አደረጉ። ልጁ አለቀሰ፤ እሱን ሲያባብሉ ሳሙናውን ረሱት። የዘይቱንና የስኳሩን ከፍለው ሲወጡ ዘበኛው «እማማ ይቁሙ!» አላቸው። ሰው ተሰበሰበ። ዘንቢሉ ተከፈተ። ሳሙናው ተገኘ።

ዘበኛው ምን ማድረግ ይችላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ያልሆነም ሰው ሊይዘው እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን የያዘው ሰው ሳይዘገይ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። እዚህ ላይ ሥልጣኑ ያበቃል። መምታት አይችልም። በመጋዘን ቆልፎ ማሳደር አይችልም። ልብስ ማስወለቅ አይችልም። አንገት ላይ ጽሑፍ አንጠልጥሎ በአደባባይ ማዞር አይችልም። «አምስት እጥፍ ክፈይና ልልቀቅሽ» ማለትም የሱ ሥራ አይደለም። ሰውን ያለ ሕግ አግቶ ማስቀመጥ ራሱ ወንጀል ነው።

እኒያ እናትስ ምን ማድረግ አለባቸው? መሮጥ የለባቸውም፤ የሮጠ ሰው ሌባ ይመስላል። መሳደብና መታገልም አይበጅም። ረጋ ብለው «ረስቼው ነው ልጄ፤ ልክፈል፤ ካላመናችሁኝ ፖሊስ ይጠራ» ይበሉ። የከፈሉበትን ደረሰኝ አይጣሉ። ልጁ ሲያለቅስ ያየ ሰው ካለ «እባክህ ስምህንና ስልክህን ንገረኝ» ብለው ይያዙ። ነገ ምስክር ይሆናቸዋል። በሱቁ ውስጥ ካሜራ ካለ፣ የተቀረጸው እንዲታይ ለፖሊስ ያመልክቱ። ካሜራ የሚመሰክረው በተጠርጣሪ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለተጠርጣሪም ይመሰክራል።

የአካል ፍተሻ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ሥርዓት አለው። ሕጉ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሽ ይላል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በፖሊስ ጣቢያ

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ እንበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላይ ለተያዘ ሰው መብቶች ሰጥቷል። አንድ በአንድ እንቁጠራቸው።

አንደኛ፣ ለምን እንደተያዛችሁ ወዲያውኑ ሊነገራችሁ ይገባል። የሚነገራችሁም በሚገባችሁ ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ብቻ የምታውቁ ከሆነ በማታውቁት ቋንቋ «እሺ፣ እሺ» አትበሉ። «አልገባኝም፤ አስተርጓሚ ይምጣልኝ» በሉ።

ሁለተኛ፣ ዝም የማለት መብት አላችሁ። የምትሰጡት ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ እንደሚችልም ሊነገራችሁ ይገባል። ስማችሁንና አድራሻችሁን ተናገሩ። ስለ ነገሩ ግን «ከጠበቃ ጋር ሳልማከር ቃል አልሰጥም» ማለት ትችላላችሁ። ዝም ማለት ማመን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማንም አስገድዶ ሊያሳምናችሁ አይችልም። ዱላ ክልክል ነው። ማስፈራራት ክልክል ነው። «እመንና ዛሬውኑ እለቅሃለሁ» ብሎ ማባበልም ክልክል ነው። በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ በፍርድ ቤት ተቀባይነት የለውም። ተመትታችሁ ከሆነ ዳኛ ፊት ስትቀርቡ በመጀመሪያ ይህን ተናገሩ። ቁስሉን አሳዩ። ሕክምና ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት ትልቅ ማስረጃ ነው።

አራተኛ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት ብትያዙ፣ ማክሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት 24 ሰዓት ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት በ4 ሰዓት 48 ሰዓት ይሞላል። ከተያዛችሁበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይታሰብም። ጊዜው አልፎ ካልቀረባችሁ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ «አካልን ነፃ ማውጣት» የሚባለውን አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ።

አምስተኛ፣ በአንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛችሁ፣ ዘመዶቻችሁ፣ ወዳጆቻችሁ፣ የሃይማኖት አባታችሁ፣ ሐኪማችሁና ጠበቃችሁ ሊጎበኟችሁ ይችላሉ።

በሥራ ላይ ሁልጊዜ እንደተጻፈው አይሆንም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንድ ቦታ ሰዓቱ ያልፋል፤ አንዳንድ ቦታ ጥያቄ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ጩኸት ብቻውን አይረዳም። ብዕር ይረዳል። ዘመዳችሁ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። የጣቢያውን ስም ጻፉ። የመርማሪውን ፖሊስ ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። የመዝገቡን ቁጥር ጻፉ። ይህችን ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤት አቤት በሉ። በ1992 ዓ.ም. በሕግ ለተቋቋሙት ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይቻላል። «ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ያዙት» የሚል ሰውና «ሰኞ በ4 ሰዓት፣ በዚህ መዝገብ ቁጥር» የሚል ሰው እኩል አይደመጡም።

ያልተነበበ ወረቀት

አሁን የዛሬው ንግግር ዋና ቁም ነገር ላይ ደርሰናል። ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ በከተማ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች እንበል። የአሠሪዋ የአንገት ወርቅ ጠፋ። «ከአንቺ ሌላ ማን ገባ?» አሏት። አለቀሰች፤ ማለች፤ ተገዘተች። በማግስቱ አሠሪዋ አንድ ወረቀት አምጥተው «ነገሩ ፖሊስ ጋ ሳይደርስ እዚሁ እንጨርሰው። እዚህ ላይ ፈርሚ» አሏት።

«እትዬ፣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። እኛ ቤት ትሠሪ እንደነበር ነው።»

ልጅቱ ማንበብ አትችልም። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ወረቀቱ ግን የሚለው ሌላ ነው። «የአሠሪዬን የአንገት ወርቅ ወስጃለሁ። ዋጋውን ከደመወዜ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ይላል።

አያችሁ? ያች ጥቁር የጣት ምልክት የስንት ወር ደመወዝ ወሰደች። ነገሩ ፖሊስ ጋ ቢደርስም «ይኸው አምናለች» ተብሎ በልጅቱ ላይ ይቀርባል። ፍርድ ቤት ቀርባ «ሳላውቅ ነው የፈረምሁት» ብላ መከራከር ትችላለች፤ ዳኛውም ሊያምናት ይችላል። ነገር ግን የቆመችበት መሬት ተንሸራቷል። ቀድሞ አለመፈረም በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ስለዚህ ይህችን ዓረፍተ ነገር በትልልቁ ጻፏት፤ «ያላነበብሁትን ወረቀት አልፈርምም።» ማንበብ ገና ካልጠናላችሁ «ያልተነበበልኝን ወረቀት አልፈርምም» በሉ። የሚያነብላችሁም የምታምኑት ሰው ይሁን። የከሳሻችሁ ዘመድ አይሁን።

በፖሊስ ጣቢያም እንዲሁ ነው። ቃላችሁን ከሰጣችሁ በኋላ መርማሪው የጻፈውን እንድትፈርሙ ይሰጣችኋል። «እባክዎን ያንብቡልኝ» በሉ፤ ወይም ራሳችሁ አንብቡ። ዝግ ብላችሁ አንብቡ፤ ጣታችሁን እያስከተላችሁ አንብቡ። ያልተናገራችሁት ቃል ከገባ «ይህ የእኔ ቃል አይደለም፤ ይታረም» በሉ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። በዳኛ ፊት የሚሰጥ የእምነት ቃል ሥርዓቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዳኛው በፈቃዳችሁ የምትናገሩ መሆኑን ይጠይቃል፤ በሙሉ ይጽፈዋል፤ ያነብላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትፈርሙት። ዳኛ እንኳ ሳያነብ ካላስፈረመ፣ ሌላው ሰው በምን ሥልጣኑ ነው ሳያነብ የሚያስፈርማችሁ?

ያች ሠራተኛ ልጅ ምን ማለት ነበረባት? «እትዬ፣ እኔ አልወሰድሁም። ከጠረጠሩኝ ወደ ሕግ እንሂድ። ያልተነበበልኝን ግን አልፈርምም።» ይህ ድፍረት አይደለም። ሥርዓት ነው። አሠሪ ከሳሽም፣ መርማሪም፣ ዳኛም መሆን አይችልም። የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው።

በፍርድ ቤት

ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስሁም፤ ጊዜ ይሰጠኝ» ሊል ይችላል። ይህ የጊዜ ቀጠሮ ይባላል። በ1954ቱ ሕግ መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዲበልጥ አልተፈቀደም። ዳኛው እናንተንም ይሰማል። «ቤቴ ይታወቃል፤ ልጆች አሉኝ፤ ከአገር አልጠፋም፤ በዋስ ልለቀቅ» ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ዋስትና መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤትም ሕግ በሚያዘው ልዩ ሁኔታ ብቻ ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል። ዳኛው የሚመለከተው ምንድን ነው? ይጠፋል ወይ? ምስክር ያስፈራራል ወይ? ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ? ዋስትና ብትከለከሉ በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ሕጉ ደንግጓል። ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ ደግሞ ቅጣት አይደለም። በቀጠሯችሁ ቀን እየቀረባችሁ ግዴታችሁን ካከበራችሁ ይመለሳል። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙንም ጠብቁ። ያለ ደረሰኝ ለማንም ገንዘብ አትስጡ።

ክስ ሲመሠረት ክሱ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። የት፣ መቼ፣ ምን ወሰደ ተብሎ እንደተጻፈ አንብቡ። የተባለው ቀን እናንተ ሥራ ላይ ከነበራችሁ፣ አብሯችሁ የሠራውን ሰው ምስክር አድርጋችሁ ጥሩ። ምስክር የማስቀረብ መብት የከሳሽ ብቻ አይደለም።

ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰውስ? ጠበቃ ባለመኖሩ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት እንደሚገባ በአንቀጽ 20 ተጽፏል። ይህን የሚሠሩት ተከላካይ ጠበቆች ይባላሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። «ክቡር ዳኛ፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የለኝም፤ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» በሉ። አፍ ያለው አይጠፋም።

ዳኛው ክሱን አንብቦ «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምህም?» ብሎ ሲጠይቅ አስባችሁ መልሱ። ቶሎ ለመገላገል ብሎ ያላደረጉትን «አዎ» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» ካላችሁ ምስክር ሳይሰማ ሊፈረድባችሁ ይችላል።

በእርግጥ የወሰደ ሰውስ? እሱም መብት አለው፤ እሱም አይደበደብም። የእውነት መጸጸት፣ የወሰዱትን መመለስ፣ ጉዳቱን መካስ ቅጣቱን እንደሚያቀል የወንጀል ሕጉ ይናገራል። ይህን ግን ከጠበቃ ጋር ተማክሮ፣ በዳኛ ፊት፣ በግልጽ ማድረግ ነው የሚሻለው።

ስለ ሽምግልናም ብዙ ሰው ይጠይቃል። እርቅ መልካም ነው። ቂም ያበርዳል። ነገር ግን ስርቆት የመንግሥት ክስ ነው። ባለ ንብረቱ «ይቅር ብያለሁ» ስላለ ብቻ ክሱ በራሱ አይፈርስም። በሽማግሌ ፊትም ቢሆን ያላጠፋችሁትን «አጥፍቻለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ።

ልጆችና የገበያ ጩኸት

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልበል። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አይቀጡም፤ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ስለዚህ የልጃችሁን የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ወረቀት በደህና ቦታ አስቀምጡ። የልጁ ዕድሜ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ደግሞ ገበያ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ሲጮህ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ምን እንደጠፋ ያላወቀው፣ ማን እንደወሰደ ያላየው ሁሉ ድንጋይ ያነሣል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ተጠርጣሪን መደብደብ ወንጀል ነው። ቢሞት ነፍስ ግድያ ነው። «ሁሉም ሲመታ መታሁ» ማለት ከእስር አያድንም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የዘረጉትን እጅ ይሰበስቡ ነበር። እኛም እንዲህ ያለ ነገር ስናይ «በሕግ አምላክ! አትምቱት፤ ፖሊስ ይምጣ!» እንበል። አንድ ሰው ከጮኸ ሁለተኛው ይደፍራል። ንብረታችን የጠፋብን እኛ ብንሆንም መንገዱ ያው ነው። ያየነውን ለፖሊስ እንናገር፤ ደረሰኝ ካለን እናቅርብ፤ ያላየነውን አንመስክር። ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን በሐሰት መክሰስ ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል።

እንግዲህ ሰዓታችን ደርሷል። እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብዬ እላቸዋለሁ፤ በደብተራችሁ ጻፏቸው፤ ለቤተሰባችሁም አንብቡላቸው።

1. ተጠርጣሪ ጥፋተኛ አይደለም።
2. ለምን እንደተያዝሁ በሚገባኝ ቋንቋ ይነገረኝ።
3. በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ልቅረብ።
4. ተገድጄ ቃል አልሰጥም።
5. ያላነበብሁትን ወረቀት አልፈርምም።

በቡድን ለምታዳምጡ ደግሞ ሦስት የመወያያ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ጥፋተኛ በምን ይለያያሉ? ሁለተኛ፣ ሐሙስ ከቀኑ በ8 ሰዓት የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ መቼ ይሞላል? ሦስተኛ፣ በምሳሌያችን ያየናት ሠራተኛ ልጅ የእናንተ እህት ብትሆን ምን ትመክሯታላችሁ?

ትናንት በጣት ስትፈርሙ የነበራችሁ ዛሬ ስማችሁን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ግን ከላይ ያለውን አንብቡ።